አደራ ለአጀቡሽ

አጀቡሽ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው የምገባው፣ አሽቀሎን፤
ሐኪሙ ልቤን ሊያይ ነው፣ ቧንቧው ጠቧል አሉን።
ቁልፉን ከውሃ ቆጣሪው ኋላ ሰቅየዋለሁ፤
የቀረው በቃል አይያዝም፣ ይኸው ጽፌልሻለሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩን ክፈቺ። አትጥሪ፣ አትቁጠሪያቸው፤
የሎሚዋን ዛፍ መንገድ ያውቁታል ራሳቸው።
ወሰራዋ ትቀድማለች፣ ደረቷን ነፍታ እንደ ሹም፤
ገብስማ ትከተላለች፤ ዛጎልማ አትቸኩልም።

አንድ እፍኝ ማሽላ በትኚ። እፍኝ ነው ያልኩሽ፣ ጣሳ አይደለም፤
በጠዋት የጠገበ ዶሮ እስኪመሽ መሬት አይጭርም።
ጉንዳኑን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ከቅጠል ሥር ያለውን ትል
ጭረው ያውጡት በጥፍራቸው፤ አስኳሉ ከዚያ ይቀላል።

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይል ነበር አባቴ፤
የኔዎቹ ያወጡት ግን፣ ባለፈው፣ እዚሁ ከቤቴ
ደጃፍ፣ የፍሬሃን ጉትቻ ነው፤ ሦስት ዓመት ያለቀሰችለት።
ከዚያ ወዲህ አውራዬ ቢጮህ ክስ አላቀረበችበት።

አሁን ልት በዝቷል፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፤
ጨብጠሽ አምጪላቸው። ግን አደራሽን፣ አቮካዶ፣
ልጣጩም ሆነ ፍሬው፣ ከግቢው እንዳይገባ፤
መርዝ ነው። አምና አንዷን ቀበርኩ፤ ሽማግሌ ለዶሮ አነባ።

የእንቁላል ቅርፊቱን አድርቀሽ ውቀጪው፣ ይድቀቅ እንደ ጨው፤
ቅርጹን የለመደች ዶሮ የራሷን ነው የምትሰብረው።
ውሃው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ነጭ ሽንኩርት አንድ ፍልቃቂ
ጣል አድርጊበት። ፈንግልን ግን አያስጥልም፣ ይህን እወቂ፤
እሱን ክትባቱ ነው። በልጅነቴ፣ አንድ ክረምት፣ በሰፈሩ
ሲገባ፣ አውራ ዶሮ ሳይጮህ ስንት ጠዋት ነጋ በአገሩ።

የፍሬሃ ምድጃ አመድ በባልዲ አለ፣ ከደረጃው በታች፤
ከአሸዋ ቀላቅዪው፤ እየተንከባለለች
ቅማሏን ታራግፍበታለች እያንዳንዷ።
የማትገባበት አለች፣ አንዷ፦

ያቺ ነጯ፣ መንቁሯን የቆረጡት፣ ክንፏ የተመለጠ፣
ከሞሻቡ ሽቦ ቤት፣ ዕድሜዋ በመብራት ሥር ያመለጠ።
አፈር ምን እንደሆነ አታውቅም። ሣሩ ጫፍ ላይ ትቆምና
አንድ እግሯን አንስታ ትቀራለች፤ ጥቂት ትሞክርና
ትመለሳለች። አትግፊያት። እኔም ስመጣ፣ የመጀመሪያው ሰሞን፣
አሳንሰር ተከፍቶ እያየሁት፣ በእግሬ ወጣሁ ስምንት ፎቁን።

ቅዳሜ የጣሉትን አታንሺ፤ ሦስት ኮከብ እስኪወጣ
ከጎጆው ይቆይ። ዶሮ ሰንበት አታውቅም፣ ምን ታምጣ!
ፋሲካ ሲቃረብ ጎረቤት የተረፈውን ዳቦ ያመጣል፤
የሻገተውን መልሺ፤ ደህናው ከበዓሉ በፊት ያልቃል።

ሲመሽ በሩን ዝጊ። ቀበሮ ከስንዴው ማሳ ይመጣል፤
ሸለምጥማጥም በጣት ቀዳዳ ገብቶ ደም ይመጥጣል።
ሲረን ከጮኸ አንቺ ሩጪ፤ እነሱን ተያቸው፣
ከሎሚው ሥር ይጠጋሉ፤ እንደሱ ነው ልማዳቸው።

ዛጎልማ አትቸኩልም ያልኩሽ፣ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች፤
ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ለውሃና ለአመድ፣ ብድግ ትላለች።
ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ሃያ አንዱ ሲሞላ የፋሲካ ዋዜማ ነው፤
ሐኪሙ «በሳምንት ትወጣለህ» ይላል፤ የሐኪምና የዶሮ ቀን ግን ለየቅል ነው።

ጫጩት ከቅርፊቱ ውስጥ ሲጮህ ብትሰሚ፣ አታግዢው በጥፍርሽ፤
ራሱ ይውጣ። ደውይልኝ ብቻ፣ ስልኩን ወደ ጎጆው አስጠግተሽ።

የበሩ ማጠፊያ ይላላል፤ ድንጋይ አስደግፊበት።
አዛናው፣ ከምድር ቤት።